በቀይ እስክሪብቶ የታረመው መጽሐፍ

ጋምቤላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የመቲ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ የጋምቤላ ሙቀት እንደ ዳቦ እያበሰለኝ በሕይወት አለሁ፤ ተመስገን። የጤና ጣቢያችሁን ሰው ሁሉ፣ ከወንዶቹ በስተቀር፣ ሰላም በይልኝ።

ዝውውር ጠይቀሽ ከሄድሽ ሁለት ወር ሊሞላሽ ነው፤ አንድ ደብዳቤ እንኳ የለም። እንግሊዝኛ ማንበብሽን ግን እንዳልተውሽ የቡና መኪናው ሾፌር ነግሮኛል። ደግሞ እዚያ ማነው የሚያስነብብሽ? እሺ፣ ተውኩት። ቀናተኛ መሆኔን አምኜ መጻፌ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ያን ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ታስታውሺዋለሽ፤ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ በመርከብ ይነግዱ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው እየተባለ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠውን። አንድ ቀን እንግዶች ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር አሳየሽኝ። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «ወረደ ወደ ወንዙ፣ ብቻውን፣ ሽማግሌው» እንደማለት ነው። ይህ እንዴት ይነበባል ብትዪኝ፣ ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ነው አልኩሽ። ሳቅሁብሽም። አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው አላውቅም ሊል ኖሯል? በማግስቱ እንዲያ የተጻፈውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ «አረምኩት»። አርባ ገጽ!

ከዚያ ፓል መጣ። ክልል ሆነን በየቦታው ቢሮ ሲከፈት፣ ሱዳን ተምሮ የተመለሰው አዲሱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ያ ቁመት! ያ መጨማደድ የማያውቅ ሸሚዝ! ተማሪዎቼ ሳይቀሩ በእረፍት ሰዓት እሱን ከበው ይውላሉ። ጎረቤታችን ሙሉብርሃን፣ «ሚስትህና ፓል ባሮ ዳር ማንጎ ሥር አንድ ደብተር ላይ አጎንብሰዋል» ስትለኝ ዓይኔ ደም ለበሰ። ዕቃሽን በረበርኩ። ደብተሩን አገኘሁት፤ የእሱ እጅ ጽሑፍ፣ በየቃሉ አናት ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ቁጥር። የሁለታችሁ የምስጢር ቋንቋ መሰለኝ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እያዩኝ ባሮ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ ቤት ገብቼ ያልኩሽን እዚህ አልደግመውም። አንቺም ሻንጣሽን አነሳሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ብሶብኝ ፓልን አስተማሪዎች ክፍል ያዝኩት። ከሚስቴ ጋር ምን አለህ አልኩት። ተገርሞ አየኝ። ቁጥሩ የንባብ መላ ነው አለኝ። የድሮ ጸሐፊ ልቡን የነካውን ነገር ያስቀድማል፣ ባለ ድርጊቱን ወደ ኋላ ያቆየዋል፤ አንተ ባለ ድርጊቱን ፈልገህ ታገኘውና አንድ ብለህ ትጽፍበታለህ፤ ድርጊቱን ሁለት፣ የቀረውን ሦስት እያልክ በቁጥሩ ተራ ታነበዋለህ። እናንተስ በአማርኛ ስትናደዱ «ሄደ እኮ ሰውዬው!» ትሉ የለ እንዴ አለኝ። ተቃጠልኩ! በአሥራ አንድ ዓመት ያልገባኝ ነገር በአምስት ደቂቃ ገባኝ።

ከዚያ ያንን መጽሐፍ ከመሳቢያው አወጣ። «ባለቤትህ ጎበዝ ናት» አለኝ፤ «መጀመሪያ ግን መጽሐፉን እንዲህ በቀይ አበላሽታው ነበር፤ ልትመልሰው ስትመጣ አይቼ ለዳይሬክተሩ ላመለክት ስል፣ እኔ ነኝ፣ ሳይገባኝ ነው፣ በል አስተምረኝ ብላ ለመነችኝ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እጅ ጽሑፌን ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለምን እንዲያ እንዳልሽ አልጠይቅሽም።

ሦስት ቀን ከፓል እየተሸሸግሁ ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ሄጄ ቀዩ የማን እጅ እንደሆነ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ በጨዋነቱ ልቀናበት ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አዲስ ደብተር ልኬልሻለሁ። መጽሐፉን ከፓል ተውሼ፣ ባሮ የወሰደብሽን ዓረፍተ ነገሮች እየፈለግሁ ገልብጫለሁ። ቁጥሩን አልጻፍኩም። አንቺ ጽፈሽ ብትመልሺልኝ እማርበታለሁ።

እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። መድኃኔዓለም ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅሽ፤ ክፉው ሰው እኔ ብሆን እንኳ።

በደብተሩ መጨረሻ ገጽ አንድ የራሴን ጨምሬያለሁ፤ ማተሚያ ቤት አልተሳሳተም፦

«ተቀምጧል ደጁ ላይ፣ መንገድ መንገዱን እያየ፣ ሞኙ ሰውዬ።»

ቀናተኛው ባልሽ