የጎደለው ጥቅል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1972

ዝናቡ አበቃ መሰል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ። ዘጠነኛ ክፍሎችን ሰዋስው አስተማርኩ፤ ግማሾቹ አንቀላፉ፤ አብሬያቸው ልተኛ ምንም አልቀረኝም ነበር። ቤት ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር መጥቼ እሳቸው ዘንድ ከተከራየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ልጃቸው አንድም ቀን አውርተውልኝ አያውቁም። አብተው እንደሚባል፣ ኦጋዴን እንደዘመተ፣ ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ ድምፁ እንደጠፋ... ሁሉንም የሰማሁት ከጎረቤት ነው። አዲስ አበባ ሄደው እንዲጠይቁ ሰው ሲመክራቸው፣ ከመጣ ቤቱን ያውቀዋል ብለው ዝም ይላሉ አሉ።

ከሰዓት ዳይሬክተሩ ጠርተውኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ፊልም መጥቷል። ንግግሩ በሩሲያኛ ነው፣ ከሥሩ እንግሊዝኛ ይጻፍበታል። ማይክ ይዤ በአማርኛ እንድናገር ተፈልጌያለሁ። ትችያለሽ ወይ አላሉኝም። እሁድ ነው አሉኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ለልምምድ ሲኒማ ቤት ሄድኩ። ባዶ አዳራሽ፤ ወንበር ብቻ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሸኩር የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ወደ ገጠር ስንወጣ በኦሮምኛ የምትናገረው ደግሞ ሶረቲ፣ የጤና ረዳት ናት። በማናና በደዶ ወረዳዎች የማያውቃት የለም።

ያየሁትን እንዴት ብዬ ልጻፈው...

መርከብ ናት። ከመስታወት የተሠራች የምትመስል። በከዋክብት መሃል ያለ ድምፅ ትሄዳለች። ከዚያ ባሕር ብቻ የሆነ ዓለም። ሰማዩ ወይን ጠጅ፣ ሁለት ፀሐይ ተከታትሎ ይወጣል። ዝናቡ ከታች ወደ ላይ ነው የሚዘንበው። ጠብታው ከባሕሩ እየተነሳ ቀስ ብሎ ሽቅብ ሲሄድ መናገሩን ረሳሁት። ሸኩር ከኋላ "እህቴ፣ ጽሑፉ እያመለጠሽ ነው" አለ።

ከመርከቧ ሰዎች አንዱ ገና ወጣት ነው። እናቱ ምድር ላይ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። በአራተኛው የፊልም ጥቅል መጨረሻ መርከቧ የብርሃን ማዕበል ውስጥ ትገባለች፤ ሬዲዮው ይቋረጣል። ሸኩር አምስተኛውንና የመጨረሻውን ጥቅል አስገባ... የስንዴ ማሳ! ኮምባይነር፣ የሚስቁ ገበሬዎች። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ትክክል ነው፤ ውስጡ የእርሻ ፊልም።

ትርኢቱን የሚያስተባብረው ጓድ ከፈለ ትክክለኛው ጥቅል እንዲላክ ቴሌግራም አስመታ። እሁድን ግን አልሰርዝም አለ። መጨረሻውን በአፌ እንድጨርሰው ነው። ጓዶቹ ተልእኳቸውን ፈጽመው ወደ ምድር ተመለሱ... በዚሁ ልዝጋው።

ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ግድግዳውን ይዘው የቆሙ ነበሩ። ማይኩ ላብ በላብ ሆነብኝ።

መርከቧ ስትነሳ የፊት ረድፍ በሙሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ በኋላ ሳል እንኳ ጠፋ። ዝናቡ ወደ ላይ መዝነብ ሲጀምር አጠገቤ የነበረ ሰውዬ መዳፉን ዘረጋ። ሊቀበለው? መዘርጋቱንም ያወቀ አልመሰለኝም። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "ሱብሃነላህ" አለ፤ ቃሉ ከወንበር ወንበር እየተላለፈ እኔ ጋ ደረሰ። የሁሉም ፊት ወይን ጠጅ ነበር። የማውቃቸው ሰዎች፣ ጨው ቸርቻሪው፣ ነርሷ፣ ተማሪዎቼ... ሁሉም ከሌላ አገር የመጡ መሰሉኝ።

አራተኛው ጥቅል አለቀ። "ጓዶቹ ወደ ምድር ተመለሱ" አልኩ። ነጭ ብርሃን። ያጨበጨበ የለም። ከኋላ አንድ ያረጀ ድምፅ፣ "ማን አያቸው?" አለ። የሳቀም የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። ልብስ ሰፊው ቲጃኒ ሌሊቱን ያሰበው ስለ መርከበኞቹ ልብስ ነው። ስፌቱን ሲፈልግ አጣው፤ ያለ ስፌት ልብስ ካለ እኔ ምን ልሠራ ነው ይላል። ባለ ሱቋ ዙቤይዳ ያንን ባሕር ቀድማ ታውቀዋለች። ልትዳር ስትል በሕልሟ አይታው ነበር፤ ለማንም ሳትናገር የኖረችውን ሩስያዎች ከየት አገኙት? ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ክፍል ውስጥ ዛሬ የተኛ የለም። ሰዋስው ግን ማን ሰማ።

ማታ እትዬ ጥሩወርቅ በርበሬያቸውን እየሰበሰቡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ልጅየው ተመለሰ ወይ?" አሉኝ።

"ተመለሰ ይላል" አልኳቸው።

ይላል... ማን ነው የሚለው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የቡ፣ ማና ወረዳ። መጋረጃው የተሰቀለው ቡና መጋዘኑ ግድግዳ ላይ። ሕዝቡ ማስጫው ሜዳ ላይ ተቀመጠ፤ ለቀማ ላይ ስለዋሉ ጣታቸው ሁሉ ጠቁሯል። ደመና አልነበረም። መርከቧ ከዋክብት መሃል ስትገባ የመጋረጃው ዳር ጠፋኝ። ፊልሙ የት አልቆ ሰማዩ የት ጀመረ? አንዲት ሴት ሕፃኗን አቅፋ ቀና ብላ የምታየው መጋረጃውን አልነበረም፤ ከመጋዘኑ በላይ ያለውን ነበር። ጄኔሬተሩ እንኳ ከሩቅ የሚያንጎራጉር ሰው መሰለኝ።

እኔ የተለመደውን አልኩ። ሶረቲ ቀጥላ በኦሮምኛ ስትናገር ግን በጣም ረዘመባት። ሰዎቹ እፎይ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠየቅኋት። ለካ የራሷን ጨምራለች። መርከበኞቹ ከባሕሩ ማዶ ጫካ ያለው ደሴት አግኝተው አረፉ ብላለች።

"ማል ጎና? ምን እናድርግ?" አለችኝ። "ሲለቅሙ ውለው የመጡ ናቸው። ትንሽ ይረፉ ብዬ ነው።"

ጅብሪል የሚባሉ ሽማግሌ ሲሰናበቱን፣ ያ የባሕር አገር ውብ እንደሆነ፣ ግን ጥላ የሌለበት አገር ሰው እንደማያኖር ነገሩን። ደሴቱን ስላገኙ ደስ ብሏቸዋል። አላህ ይመስገን አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ደዶ። ጭቃ። መኪናው ሁለቴ ተያዘ። ከምሽቱ የማስታውሰው የሰዎቹን ዝምታ ብቻ ነው... እንደ ጉም።

እሁድ፣ ህዳር 1

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዛሬ እትዬ ጥሩወርቅ ሲኒማ ቤት መጡ። ሳይነግሩኝ። ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም የማይሄዱት ሴትዮ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ያየኋቸው መብራቱ ሊጠፋ ሲል ነው። ባሕሩ ሲመጣ አላዩትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የሚከፍቱት እናትየዋ መስኮቷ ሥር ስትታይ ብቻ ነው።

አራተኛው ጥቅል አለቀ። ዓረፍተ ነገሬን ልጀምር... አልወጣ አለኝ። ተመለሱ ልበል? እሳቸው ፊት? ሳላውቅ? ሸኩር የማሽኑን መብራት አላጠፋም፤ መጋረጃው ነጭ እንደሆነ ቆየ። በመጨረሻ፣ "ከዚህ በኋላ የሆነውን አናውቅም" አልኩ። ሕዝቡ ተንጫጫ። እሳቸው ቀድመው ወጡ።

ቤት ስደርስ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ለሌላው ሰው ሁሉ ተመለሰ ብለሽዋል።"

"እትዬ፣ መጨረሻው ስላልመጣ እኮ..."

"ለሌላው መልሰሽ ለእኔ ጊዜ አስቀረሽው።"

በሩን ዘጉት። እኔም ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። የዋሸሁ ጊዜ ሳይሆን እውነት የተናገርኩ ዕለት ሰው አስቀየምኩ። ወይስ ያም እውነት አልነበረም? ፈርቼ ነው እንጂ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 3

ጓድ ከፈለ አስጠራኝ። ድምፁን አላነሳም። ለሕዝብ "አናውቅም" ተብሎ አይነገርም አለ። ማን እንዳስጠናኝም ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። እንዲህ ያለ ንግግር ሌላ ትርጉም እንዳለው አታውቂምን አለኝ። አላውቅም ልለው ብዬ ቃሉን ዋጥኩት። ከእንግዲህ እሱ ከሰጠኝ ንግግር አንድ ቃል ብወጣ ጉዳዩ ከእሱ እጅ ያልፋል። ከእሱ እጅ ወዴት እንደሚያልፍ ሁለታችንም እናውቃለን።

እትዬ ጥሩወርቅ ሰላምታዬን በጭንቅላታቸው ይመልሳሉ። ግቢው ጠበበኝ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 7

ጥቅሉ መጣ! ሸኩር ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ በመስኮት ጠራኝ። ከሶረቲ ጋር ሦስታችን አየነው። ሲያልቅ ማናችንም አልተነሳንም።

ሶረቲ "ይኼንን ምን ብለን እንነግራቸዋለን?" አለች። ሸኩር ጥቅሉን መልሶ እየጠቀለለ፣ "እንዳለ" አለ።

እሁድ፣ ህዳር 8

እንዳለ ተናገርኩት።

መርከቧ አትታይም። ባሕሩም የለ፣ ሁለቱ ፀሐይም የለ። ያ ሁሉ ውበት አልቆ የሚታየው እናትየዋ ብቻ ናት። መስኮቷን ትዘጋለች። ካፖርቷን ትለብሳለች። በባቡር ትሄዳለች፤ ከባቡሩ ውጭ በረዶ፣ ዛፍ፣ በረዶ። የመርከቧን መልእክት የሚቀበሉበት ቤት ትደርሳለች። ረጅም ኮሪደር። አንድ በር ታንኳኳለች። ጠረጴዛው ላይ ያጎነበሰው ሰውዬ ቀና ይላል። በቃ።

አዳራሹ ተቆጣ። ይኸው ነው ወይ አሉ። አንዱ የአስተማሪዋ መጨረሻ ይሻል ነበር ሲል ብዙዎች ተስማሙ። ቲጃኒ ቢያንስ ካፖርቱ ስፌት ነበረው ብሎ አሳቀን። ጓድ ከፈለ ፊልሙ ላይ የተጻፈውን ብቻ በማንበቤ ተደስቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ መጨረሻውን አስተውሎትስ እንደሆነ እንጃ።

መብራቱ ሲበራ እትዬ ጥሩወርቅን አየኋቸው። ዛሬ ወንበር አልያዙም፤ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ሰው እየገፋቸው ያልፋል፣ እሳቸው ፈዝዘው መጋረጃውን ያያሉ። ላናግራቸው ፈራሁ።

ሰኞ፣ ህዳር 9

ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አደግድገዋል።

"ከትምህርት ቤትሽ ፈቃድ ይሰጡሻል?"

"ለምን እትዬ?"

"አዲስ አበባ። ብቻዬን በሰው በር ላይ መቆም አልችልም።"

ዳይሬክተሩ አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ፈቀዱ።

ሐሙስ፣ ህዳር 12

አውቶቡስ ውስጥ ዋልን። ጊቤን ስንወርድ ሙቀቱ፣ ጉሙ፣ ሁሉም ነገር የሚንሳፈፍ መሰለኝ። እሳቸው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ነበር። የተኙ መስሎኝ ነጠላቸውን ሳለብሳቸው፣ ፈርተው እንጂ ጨክነው እንዳልቀሩ ነገሩኝ። ካልጠየቁ አልሞተም... እንደዚያ ነበር የኖሩት። እጃቸውን ያዝኩት። ወሊሶ እስክንደርስ አልለቀቁኝም።

ዓርብ፣ ህዳር 13

ከጠዋት ጀምሮ የዘማቾች ጉዳይ የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት በር ላይ። እንደኛ ያሉ ብዙ ሴቶች። ወደ ከሰዓት አስገቡን፤ ስሙ መዝገብ ላይ የለም ተባልን። ነገ እንድንመለስ። ነገ ምን ይለወጣል?

ቅዳሜ፣ ህዳር 14

ዛሬም የለም አሉን። ስንወጣ አንድ እጁ የሌለው፣ ከውስጥ የሚሠራ ወጣት ተከትሎን መጣ። የጠራነውን ስም ሰምቶ ነው። የጅማው አብተው ነው ወይ፣ ኦሮምኛ እየቀላቀለ የሚያወራው ረጅሙ ልጅ... እትዬ ጥሩወርቅ "ራሱ ነው" አሉ። አጥሩ ሥር ተቀመጥን።

ልጁ ምንም አላስጌጠም። ከጅጅጋ ወዲህ ባለ ተራራ ላይ አብረው ነበሩ። አብተው ቶሎ ነው ያረፈው። ጓደኞቹ ቀብረውት ድንጋይ አድርገውበታል።

እትዬ ጥሩወርቅ የልጁን ጫማ አዩ። ከዚያ፣

"ጫማ ነበረው?" አሉት።

"ነበረው እማማ።"

"እግሩን ነው የሚበርደው፣ ከልጅነቱ።"

ልጁ ባለው እጅ ፊቱን ሸፈነ። እሳቸው ናቸው ያባበሉት። እኔ ቆሜ አያለሁ... መንገደኛው ያልፋል፣ ፀሐይ ናት፣ ሁሉም ነገር ድምፅ የሌለው ፊልም ሆነብኝ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 24

ለቅሶው ዛሬ ቀለል አለ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ መጥቷል። ሸኩር ከመስጊድ ጎረቤቶቹ ጋር ድንኳን ተክሏል፤ ዙቤይዳ ሰሞኑን ውኃና እንጨቱን ይዛ እዚሁ ናት። እትዬ ጥሩወርቅ የመጀመሪያው ዕለት ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነው። አሁን ስለ አብተው ያወራሉ። ምን እንደሚወድ፣ ምን ሲያዩት እንደሚያስቀው፣ ኳስ ሲጫወት ሱሪውን እንደሚቀድ። የማላውቀውን ልጅ በዚህ ሳምንት አወቅሁት።

ከሰዓት ከደዶ ወገን ሩቅ ዘመዶቻቸው መጥተው ነበር። ያን የሰማዩን ፊልም እኛ ሳናይ አለፈን፣ አስተማሪዋ ትንገረን አሉ። ማውራት ስጀምር እትዬ ጥሩወርቅ በእጃቸው አስቆሙኝና ራሳቸው ያዙት። መርከቧ በእሳቸው አፍ ታንኳ ሆነች። ባሕሩ ወርቅ ቀለም ሆነ። ሁለተኛውን ፀሐይ ረሱት፤ ዝናቡን ግን አልረሱም። እኔ ደግሞ ባሕሩ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ብዬ ነው የጻፍኩት! ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሰሙ። እኔም ያላየሁትን ፊልም እንደሚያይ ሰው ሰማሁ።

እናትየዋ በሩን ስታንኳኳና ሰውየው ቀና ሲል አቆሙ።

"ታዲያ ምን አላት?" አለች አንዷ።

"ነገራት" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰማች። ሰምታ ወደ ሰዎቿ ተመለሰች።"