ኮባ ቅጠል ላይ የተደረደሩት ብሎኖች

ውድ ልጄ ሃሌሉያ፣

ጌታ በደረስሽበት ሁሉ ሞገስ ይሁንሽ። ጎረቤታችን እትዬ ወለተሥላሴ ጉልበታቸው ተሽሏቸው ያለ ምርኩዝ ገበያ ወጡ፤ ልጃቸው መሲም ሴት ልጅ ወልዳለች። ማን መጣ፣ ማን ምን አለ የሚለውን ልተወውና ወደ አባትሽ ልምጣ። በስልክ ያልነገርኩሽ አጠገቤ ሆኖ ስለሚሰማ ነው።

የሚጠግናቸው ባጃጆች ቀን ሥራ ላይ ስለሚውሉ ግቢያችን የሚገቡት ማታ ነው። እሱም እንደምታውቂው እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲጠግን ያመሻል፤ የእጅ ባትሪ የምይዝለት እኔ ነኝ። የፈታውን ብሎን ሁሉ በተራ በተራው ኮባ ቅጠል ላይ ይደረድራል። ባለፈው ሳምንት ቅጠሉ በዘይት ርሶ ሳየው፣ የረዳሁት መስሎኝ በአዲስ ቀየርኩና ብሎኖቹን ደባለቅሁበት። «አንቺ በዙ፣ ከዛሬ ወዲያ ባትረጂኝ ምናለበት» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን አንድ በአንድ እያነሳ በጣቱ ይዳብስ ጀመር። ባትሪውን አስጠግቼ «ይኼኛው አይደል?» ስለው፣ ሳያየው «ዝም ብለሽ ያዢ» አለኝ። ያኔ ገባኝ፤ ዓይኑ ደክሟል። ለካ ስንት ጊዜ ሲሠራ የኖረው ተራውን በቃሉ ይዞ ነው።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ሥራዬን ትቼ የት ልሂድ» ይላል። ስትደውዪ ጅማ ሄዶ እንዲታይ አንቺ ንገሪው፤ አንቺን እምቢ ብሎ አያውቅም። እኔ መናገሬን ካወቀ ያኮርፋል፤ ያኩርፍ፣ እችለዋለሁ።

ጌታ በሰላም ያምጣሽ። ስትመጪ መልክሽን እንዲያይ ብቻ ነው የምፈልገው።

እናትሽ በዛወርቅ፣ ከቦንጋ