ስምዎን ያልጻፍኩበት ቢሉም

ይድረስ ለተከበሩት አማቴ፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ ዳገቱን እሺ አለዎት? ያቺ ነጠብጣቧ አሳማ ወለደች ወይስ እንዳለፈው ሆዷን ነፍታ አታለለችን? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥርሴም ሆዴም ምላሴም ደህና ናቸው፤ በተለይ ምላሴ።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈላት ብለው እንዳይጨነቁ። እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። ከማታ ትምህርት ከተመረቅን ወዲህ በዚህ ከተማ ያላነበብኩት ሰሌዳ የለም። የመድኃኒት ቤቱን፣ የፖሊስ ጣቢያውን፣ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" የሚለውን ሳይቀር አንብቤአለሁ፤ ግድግዳው ሥር ቆመው ለነበሩትም ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። መምህራችን ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ የገባሽ አንቺ ነሽ ብላኛለች። ለሌሎቹም እንደዚያ ማለቷን ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ስትል ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

ይህን የምታነቢላቸው የፓስተሩ ሚስት፣ አንቺንም ሰላም ብያለሁ። አንድ መስመር እንዳትዘልዪብኝ። የማይጥምሽ ነገር ሲመጣ እየሳልሽ እንደምታልፊ ዐውቃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሙዝ መደቤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው ብዬዎት ነበር። ዶርካስ የምትባል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ደንበኛዬ ናት። በገመድ የምንሠራቸውን የአገራችንን ቦርሳዎች፣ የቢሉሞቻችንን ኤግዚቢሽን እያዘጋጀች ነበር፤ ግን ሰው በእግሩ ገብቶ የሚያየው ዓይነት አይደለም። ፎቶ እያነሱ ኢንተርኔት ላይ ያሰልፏቸዋል፤ ስልክ ያለው ሁሉ ባለበት ሆኖ ያያል። አንድ ቀን ሙዝ ስመርጥላት ጀርባዬ ላይ ያለውን፣ በሠርጌ ቀን እርስዎ በእጅዎ ማንገቻውን ግንባሬ ላይ ያንጠለጠሉልኝን ቢሉም አየችና ሙዟን ረሳችው። ይህ መግባት አለበት አለችኝ። መግባቱማ የት ይቀራል፣ ያለሱ መጀመራችሁ ነው የገረመኝ አልኳት።

ወሰዱት። ግራጫ ጨርቅ ላይ አስተኝተው፣ በመብራቶች መሐል፣ ፊቱንም ጀርባውንም አነሱት፤ አፉንም እንደ ጥርስ ሐኪም ከፍተው አነሱት። ኮምፒውተሩን የሚያዘው ጊዲዮን የሚባል ከባሕሩ ወገን የመጣ ሰው ነው። ከዶርካስ ጋር የትኛው ቢሉም ከየትኛው ጎን ይሁን እያሉ ሲከራከሩ ዋሉ። አሮጌውን ካዲሱ ጎን ያደርጉታል፣ ያወጡታል፣ መልሰው ያስገቡታል፤ አዲስ ሙሽራ የቤት ዕቃ ስታዟዙር ነው የመሰሉኝ። የእርስዎ ግን የትም ቢገባ ጎረቤቱን አደበዘዘ። መጨረሻ ላይ ለብቻው ገጽ ሰጡት። ይህን ያለው ጊዲዮን ነው፤ እኔ ተስማማሁ እንጂ አፌን አልከፈትኩም። እሺ፣ ትንሽ ከፍቻለሁ።

ከፎቶው ሥር ጽሑፍ ይገባል፤ ማን ሠራችው፣ በምን ገመድ፣ ጌጡ ምን ይባላል፣ ማን አመጣችው። ዶርካስ አንድ ሕግ አላት፤ የሠሪዋ ስም የሌለው ቢሉም አይገባም። ድሮ ነጮቹ አንስተዋቸው በሄዱ ፎቶዎች ሥር "ስሟ ያልታወቀ ሴት" የሚለውን እያነበበች አንጀቷ ሲቃጠል ነው የኖረው። ጽሑፉን ለእኔ ተዪው አልኳትና ጊዲዮንን ከወንበሩ አስነሣሁት። በአንድ ጣት ፊደል እየለቀምኩ፣ ገመዱ ከዛፍ ልጥ መሆኑን፣ ጭንዎ ላይ ያከረሩት መሆኑን ጻፍኩ። ጌጡ የተራራ መንገድ እንደሚባል ጻፍኩ። "ያመጣችው" በሚለው ፊት የራሴን ስም ከነአባቴ አሳምሬ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወደ "የሠራችው" ስመለስ ጣቴ አየር ላይ ቀረ።

እርስዎ ያውቁታል፤ እኛ ዘንድ የአማት ስም በምራት አፍ፣ የምራትም ስም በአማት አፍ አይገባም። ስምዎ የአንድ ዓይነት ሙዝም ስም በመሆኑ፣ እኔ ሙዝ ነጋዴዋ ያንን ሙዝ "ያ አጭሩ፣ ያ ወፍራሙ" እያልኩ ነው የምሸጠው። ታዲያ አፌ ያልደፈረውን ጣቴ ይድፈረው? "አማቴ" ብዬ ጻፍኩ።

ዶርካስ ሳቀች። የማን አማት ነው የሚባለው፣ አማት ያልሆነች አሮጊትስ የት አለች አለችኝ። ጊዲዮን ደግሞ ጣት አፍ የለውም፣ ዝም ብለሽ ጻፊው አለ። እናንተ አገር አማት በስሟ ስትጠራ ምሳ ታቀርብ ይሆናል፣ የእኛዎቹ የሚያቀርቡት ዱላ ነው አልኩት።

ያኔ ዶርካስ ወንበሯን አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እናቴ፣ ወሬ አይደበቅም። ልጅዎ ባሕሩ ዳር ለሌላ ሴት ቤት መሥራቱን ታውቃለች። ወንድሞቼ የጥሎሹን አሳማዎች እንመልስና ተገላገዪ እያሉኝ መሆኑንም ታውቃለች።

"እንግዲህ አማትሽ አይደሉም እኮ" አለችኝ። "ስማቸውን ብትጽፊ ማንም አይፈርድብሽም።"

ለክፋት አላለችውም፤ ለእርስዎ ስም ተቆርቁራ ነው። እኔ ግን፣ ያምኑኛል? ለጊዲዮን ወንበሩን ለቀቅኩለት። አንዲት ቃል ብጽፍ የእጅዎን ሥራ ዓለም ሁሉ ከነስምዎ ያየዋል። ያቺኑ ቃል ብጽፍ ደግሞ ልጅዎ ላፈረሰው ቤት እኔም ፈረምኩለት ማለት ነው። አውጡት አልኳቸው። ቢሉሜን ግንባሬ ላይ አንጠልጥዬ ወደ መደቤ ተመለስኩ። ደንበኛ ሲቀልድብኝ እንኳ ዝም ስላልኩ ወባ ይዟታል ተብሎ ተወራ።

የቀረውን ያውቁታል፤ ግን እኔ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ ይስሙልኝ። ዶርካስ በጭነት መኪና ተጭና እርስዎ ዘንድ መውጣቷን የሰማሁት ከተመለሰች በኋላ ነው። ስኳር ድንቹን፣ ያን ካውካዎን ጠብሰው አበሏት፣ ጫማዋንም አይተው "በዚህ ነው ዳገቱን የወጣሽው?" ብለው ሳቁባት። ስምዎን ከራስዎ አፍ ተቀበለች፤ ለእኔ ልትደግመው ስትል ጆሮዬን ያዝኩ። ከዚያ ቢሉሙን ያመጣችው ማን ልበል፣ ስሟን በትክክል ይንገሩኝ ብላ ጠየቀችዎ። ስሟን አልጠራም አሏት። እሷም አፏን እየፈራች፣ ልጅዎ እኮ ትቷት ሄዷል፣ አሁንም አይጠሩም ወይ አለችዎ።

"እሱ ሄደ እንጂ እኔ የት ሄድኩ?" አሏት፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ።

ይህን ስትነግረኝ ቢሉሙን መልሳችሁ አስገቡት አልኳትና እጄ ላይ የነበረውን ሙዝ ሁሉ በነፃ ሰጠኋት። እኔ፣ በነፃ! አሁንም ለሰው ስታወራ ሙዙን ነው የምታስቀድመው።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በትልቅ ስክሪን አሳዩት። የእርስዎን ገጽ አንብቢልን አሉኝ። ቀሚሴን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ወጣሁ። ስምዎ ያለበትን በመዳፌ ሸፍኜ፣ የሠራችውን ራሳችሁ አንብቡ፣ እኔ የአማት ስም ጠርቼ ቅጣት አልከፍልም አልኳቸው፤ አዳራሹ ሳቀ። ገመዱን አነበብኩ። ጌጡን አነበብኩ። "ያመጣችው" በሚለው ፊት ግን ያ አሳምሬ የጻፍኩት ስሜ የለም። በምትኩ እርስዎ ዶርካስን ያስጻፏት ቆሟል፤ "የልጄ ሚስት" ይላል።

ጣቴን ከፊደሎቹ ሥር አስኬድኩ፣ መልሼም አስኬድኩ። ጊዲዮን፣ ይህቺ ሰው ተመርቄአለሁ ስትል አልነበር እንዴ አለ። ዶርካስ ጠጋ ብላ፣ ቦታ አለ፣ ስምሽን ከጎኑ ላስገባው ወይ አለችኝ። እንዳትነኪው አልኳት።

እናቴ፣ ምስጋና መጻፍ ማታ ትምህርት ቤት አላስተማሩንም፤ የተማርነው ማመልከቻ ነው። ስለዚህ እንዲሁ እለዋለሁ። ልጅዎ ሲሄድ ከቤትዎ ያላስወጡኝ እርስዎ ነዎት። ተቀምጠሽ መንገድ ከምታዪ ከተማ ውረጂና ፊደል ቁጠሪ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለወንድሞቼም ትናንት ጻፍኩላቸው። አጭር ነው፤ አሳማዎቹ ባሉበት ይደሩ የሚል።

ካውካው ሲደርስ ለቁፋሮ እወጣለሁ። ከምድጃው በግራ በኩል ያለውን መኝታዬን ለማንም እንዳይሰጡብኝ።

ጉልበትዎን ያበርታልዎ፤ ጭሱ ዐይንዎን አይንካው፤ እጅዎ ከገመድ አይለይ። ምድጃዎ ሰው አይጣ።

ምራትዎ