በሙሉ ድምፅ የተቃጠለው ብሮንዚን

ሐምሌ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለቆላ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ማስተባበሪያ ጽ/ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ የሞተር ኦፕሬተር ጦና ቦሼ ከሥራ የተሰናበተበት ውሳኔ እንዲሻርና ሻካራው ዘንግ ሳይለሰልስ ሞተሩ ዳግም እንዳይነሳ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በዚሁ ከተማ የማሽን ሥራ አስተማሪ ነኝ። የጽ/ቤትዎ የግምገማ ቡድን ለሙያ ምስክርነት ጠርቶኝ፣ ካዳመጠኝ በኋላ እንዳልተናገርኩ ቆጥሮኛል። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ፤ ወረቀት ቢያንስ አያዛጋም።

1. ተበላ ከተማ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ውሃ የሚስበው የናፍጣ ሞተር በሚያዝያ ወር ዘንጉ ተበልቶ ቶርኖ ቤት ገባ። ተስተካክሎ ሲወጣ ገጹ መለስለስ ነበረበት። የቡድኑ መሪ አቶ ደገፉ ግን ግንቦት 20 ስለደረሰባቸው «ሲሠራ ራሱ ይለሰልሳል» ብለው እንዳለ አስገጠሙት። ዘንጉን በኋላ በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ጥፍር ይይዛል።

2. በበዓሉ ዕለት ሞተሩ በጭብጨባ ተነሳ። እንግዶቹ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ጭስ ሸተተ፤ ጦናም አጠፋው። ሲፈታ፣ ዘንጉን አቅፎ በዘይት የሚያሽከረክረው ብሮንዚን ቀልጦ ተገኘ።

3. ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በዘንጉና በብሮንዚኑ መካከል ከፀጉር የቀጠነ ዘይት አለ፤ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚለየው እሱ ብቻ ነው። ዘንጉ ሻካራ ሲሆን ጉብታዎቹ ዘይቱን አልፈው ብሮንዚኑን ይፍቃሉ፤ ፍትጊያውም ያሞቃል። ቅቤ እሳት ሲያገኘው እንደሚቀጥን ሁሉ ዘይትም ሲሞቅ ይቀጥናል። በቀጠነ ቁጥር ጉብታው ይበልጥ ይፍቃል፣ ሙቀቱም ይብሳል። ትንሽ ሻካራነት በሥራ እንደሚለሰልስ አልክድም፤ ይኼኛው ግን ሳይለሰልስ ብሮንዚኑን ጨረሰው። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞቼ ያውቃሉ፣ የሚያንቀላፉትም ጭምር።

4. ቡድኑ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ተሰብስቦ፣ ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጥቶ፣ ብሮንዚኑ የተቃጠለው በኦፕሬተሩ «የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት» መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። ማስረጃው ሞተሩን በእንግዶች ፊት ማጥፋቱ ነው። እኔ ስለ ዘይት ስናገር አቶ ደገፉ «መምህር፣ ወደ ቴክኒክ አትሽሹ» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ስለ ሞተር በተጠራ ስብሰባ ወደ ሞተር ሸሸህ ተባልኩ! አመለካከት ብረት የሚያቀልጥ ቢሆን ኖሮ የአዳራሽዎ ቆርቆሮ እስካሁን ባልተረፈ ነበር።

5. ምስክርነቴ በዝምድና ተጠርጥሯል። ጦና የታናሽ እህቴ የብሩክታይት ባል ነው፤ አልደበቅኩም። ግን ልንገርዎ፦ ጦናን አልወደውም። ሳልፈቅድ ነው ያገባት፤ ሠርጋቸው ላይም አልተገኘሁም። የሚኖሩበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ ስለነበር አሁን ከነልጆቹ እኔ ዘንድ ገብቷል፤ መዝሙር ሲዘምር ከዜማው ውጭ ነው፣ ድምፁም ትልቅ ነው። ይሁንና ሰነፍ አይደለም፣ ሞተርም አላቃጠለም። እህቴ ተበላ ገበያ ስትወርድ፣ ቧንቧው ደርቆባቸው ከወንዝ የሚቀዱት ሴቶች «ውሃችንን ያሳጣን ሰውዬ ሚስት» ይሏታል። ከዚያ ወዲህ ገበያ መውጣት ትታለች። በዚህ አንጀቴ አሯል።

6. አሁንም ያው ዘንግ ሳይለሰልስ አዲስ ብሮንዚን ተገጥሞለት፣ አዲስ ኦፕሬተር ተቀጥሮለት፣ በመጪው ሰኞ ንግግር ተደርጎ እንደሚነሳ ሰምቻለሁ። ተቀጣሪው ብሩ ይባላል፤ ገና ሙሽራ ነው። ቀጣዩ አመለካከቱ የተበላሸ ሰው እሱ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ጦና ወደ ሥራው፣ ዘንጉም ወደ ቶርኖ ቤት እንዲመለሱ ክቡርነትዎን እጠይቃለሁ።

ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ሰኞ ዕለት አቶ ደገፉ መዳፋቸውን ብሮንዚኑ በተገጠመበት የሞተሩ ጎን ላይ አሳርፈው ይናገሩልን። ንግግራቸው አጭር እንዳልሆነ ይታወቃል። እጃቸውን ሳያነሱ ከጨረሱ፣ ጦና ጥፋተኛ ነው ብዬ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ አስተማሪነቴንም እለቃለሁ። ካነሱ ግን፣ ያ እጅ በዚህ ጉዳይ ከቡድኑ የተለየ ሐሳብ ያቀረበ የመጀመሪያው ይሆናልና ቃሉ ይመዝገብልኝ።

ለወንበርዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ይስሐቅ ሶርሳ
የማሽን ሥራ አስተማሪ