የሻምበል ቆብ በአበልጄ እጅ

ሰኞ

ገና በሬን ሳልከፍት ሐጂ ኑሩ፣ ባለሱቁ ጎረቤቴ፣ ጋዜጣ እያውለበለበ መጣ። «ጋሽ ተካ፣ ቆብህ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል! አንተስ የት ቀረህ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አነበብኩት። ቁርስ አልቀመስኩም፤ ሸሚዜን ገልብጬ ለብሼ ነው ወደብ ሥራ የገባሁት።

የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ አዲሱን ቤተ መጻሕፍት በሻምበል ደርበው ስም ሰይሞ አስመርቋል። አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ፣ ኋላም የኛ የሂሳብ አስተማሪ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፎቶው ላይ ግን የሻምበልን የቆዳ ቆብ ይዞ የቆመው ዘውዴ ነው። አብሮ አደጌ። አበልጄ። ልጄን ሰላማዊትን ክርስትና ያነሳት። ከሥሩ «ከመምህራቸው እጅ ተቀብለው እስከ ዛሬ ያቆዩት» ይላል።

ከእጃቸው የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ተኝተው ስንቅ ያመላለስኩት እኔ። የአሰብ ወበቅ እንዳያሻግተው ዘይት ስቀባው የኖርኩት እኔ።

ዘውዴ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ለምርቃቱ ይታይ፤ ስምህ ከሥሩ ይጻፋል» አለኝ። ባለቤቴ አስካለ «ሰው ፊት ስጠው» ብላኝ ነበር። ተቆጣኋት። አበልጅ ላይ ምስክር ይቆማል? ጓዳ ውስጥ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ሌላም ነገር አለ ፎቶው ላይ። መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ከዘውዴ ኋላ ሰላማዊት ቆማ ታጨበጭባለች።

ማክሰኞ

ሐሳቤ ሁሉ ይሄ ነው፦
– ልጄ ታውቃለች?
– ካወቀች ለምን ዝም አለች?
– ዝም ካለች የማን ልጅ ናት?

ሦስተኛውን ሰርዤዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ የምታድረው ዘውዴ ቤት ነው፤ የምትበላው የሱን ነው። እኔ እዚህ ብጮህ እሷ እዚያ ሜዳ ላይ ትወድቃለች።

አስካለ «ደውልለት» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ሌባ ብለህ።»

«ልጅቷስ?»

ወጧን ማማሰል ያዘች።

ወደብ ላይ ያላየ የለም። አንዱ ፎርማን «ጋሽ ተካ፣ ለመሆኑ ያ ቆብ ስንት ጌታ አለው?» አለኝ። የስኳሩን ጆንያ ሲሚንቶ መጋዘን አስገባሁ። ተሰደብኩ።

ረቡዕ

ሐጂ ሱቅ ስልክ ቢኖርም ጆሮ ስለሚበዛበት፣ ቴሌ ሄጄ ወረፋ ይዤ ለዘውዴ ደወልኩ። ልለው ያሰብኩት፦
1. ቆቡ የማን ነው?
2. ስሜ የት ገባ?
3. ጋዜጣው ይታረም።

ያልኩት፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ቤተሰብ ደህና?»

እሱ ራሱ ጀመረው። «ተካዬ፣ አየኸው አይደል? አሰብ ግድግዳ ላይ ከሚሻግት ይሻለዋል። እኔም እኮ ተማሪያቸው ነኝ።»

«ስሜስ?» አልኩት እንደምንም።

«አንተ መቼ ስም ትወዳለህ? ይልቅ ልጅህ ደህና ናት። እንደ ልጄ ነው የያዝኳት፣ አታስብ።»

አታስብ ያለበት ድምፁ ነው ያሳሰበኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁ። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ የዘረፈኝን ሰው አመስግኜ ወጣሁ።

ለአስካለ «መስመሩ አልያዘም» አልኳት። አላመነችኝም።

ዓርብ

ሐጂ ከሱቁ ሆኖ «ጋሽ ተካ! ስልክ፣ ከአዲስ አበባ!» ብሎ ጮኸ። ባንድ ጫማ ሮጥኩ። ሰላማዊት ናት፤ ምንም ሳልጠይቃት አለቀሰች።

ለካ አስካለ ትናንት ሳትነግረኝ ቴሌ ሄዳ ሁሉን አጫውታታለች። ልጅቷ አታውቅም ነበር። ዘውዴ «አባትሽ በስጦታ ሰጠኝ፤ ስሜ አይነሳ ብሏል» ብሏት ነው ያጨበጨበችው።

«አመንኩት አባዬ። አንተ የራስህን እንኳ አትጠይቅም።»

ይሄ ከዘውዴ ይልቅ ወጋኝ።

ትናንት ማታ እራት ላይ፣ እንግዳ ፊት፣ «ጋሼ ዘውዴ፣ ቆቡ የአባቴ ነው» አለችው። «ቤቴ እየበላሽ?» አላት። ምግቡን ትታ ተነሳች። አልጋ ልብሷንና ደብተሯን ይዛ ወጣች። ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር አንዲት ክፍል ይዘዋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነገረችው። «አባትሽ ራሳቸው መጥተው ይናገሩ» አላት።

ሐጂ ሰምቶ ኖሮ «እንግዲህ ሸሚዝህን ቀጥ አድርገህ ልበስና ሂድ» አለኝ። አልሳቀም።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አለቃዬ ገና እሺ አላለኝም። ዘውዴ ፊት ስቆም ድምፄ ይውጣ አይውጣ እንጃ። ልጄ ግን አላጨበጨበችብኝም። ዛሬ ምሳ በላሁ።

የክፍሏ ኪራይ ገና አልተከፈለም።