የሟች ኮርቻ የተጫነበት ዳማ

ሆሳዕና፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከእኔ ይልቅ ፈረሱ ለሚናፍቅሽ እህቴ ጵርስቅላ፣

ደህና ነሽ ወይ? ፎቶሽን አይቼ የቤሩት በር እንዳይጠብሽ ፈራሁ። እኔ እንደተውሽኝ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍልም እኔ እንደተውኩት ነው። በድምፅ ያልላክሁልሽ ስልኩን አባባ እየከፈተ ስለሚያዳምጥ ነው። ሰብሌ ነገ ጠዋት ወደዚያ ስለምትነሳ ይህን ደብዳቤ ጫማዋ ውስጥ ደብቃ ታመጣልሻለች፤ ቢሸትሽ እሷን ጠይቂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዶዮገናው ጋሽ ጥሩሰው ሲሞቱ ቤተሰባቸው አንቺ የገዛሽውን ዳማ ፈረስ ለለቅሶ ተዋሱን፤ የእሳቸው ፈረስ አምና ሞቷል። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ የሟቹን ኮርቻ ጭነው፣ ጋቢያቸውን ደርበውበት በለቀስተኛው መሃል እየሳቡ አዞሩት። ዋይታው ሲበረታ ደነበረና ወደ ኋላ ተራገጠ። ከዚህ ለቀስተኛ ጭኖ የሄደውን የሚኒባስ ሹፌር ሆሴዕን ጭኑን ሰበረው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ካሳ ፈልጎ የተኛ መስሎኝ በቤቱ መስኮት "ሆሴዕ! ትራፊክ ታርጋህን እየፈታ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሊነሳ ሲል ወድቆ አለቀሰ። እቴ፣ ያ ለቅሶ የውሸት አይደለም። ሮጬ ገብቼ አነሳሁት። "አንተ ሰይጣን፣ ፈረሱ ይሻላል" አለኝ።

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ "እንስሳ ሰው ከጎዳ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው" ብሎት ሆሴዕ ከሷል። ማንን መሰለሽ? የሟቹን ሚስት፣ እትዬ ትርፊትን! ኮርቻው የጋሽ ጥሩሰው ስለሆነ ፈረሱም የእሳቸው መስሎታል። እትዬ ደግሞ ዝም! ሄጄ "የማን እንደሆነ ለምን አይናገሩም?" ብላቸው፣

"ለባሌ ለቅሶ ፈረሱን የሰጠኝን ሰው ለዳኛ አሳልፌ ልስጥ? ነውር ነው ልጄ። ላሚቱን እሸጣለሁ" አሉ። ያላቸው እኮ እሷው ብቻ ናት፤ ልጆቹም የሚጠጡት የእሷን ነው።

አሁን የምጠረጥረው አባባን ነው። ዳማውን ሞርሲቶ ወዳለችው አክስታችን ላከው፤ "ሳሩ እዚያ ይሻላል" ይላል። ከመቼ ወዲህ ነው ለሳር ያሰበው? በጸሎት ሰዓት የእትዬ ትርፊት ስም ሲጠራ ሳል ይይዘዋል።

"አባባ፣ ፈረሱ የማን ነው?" አልኩት።

"የጵርስቅላ።"

"ካሳውስ?"

"አርፈህ ተቀመጥ! እሷን ቤሩት ድረስ መጥተው አይከሷትም።"

ይኸውልሽ፣ ሌላ ጊዜ የእኔ ነው እያለ ዛሬ ባለቤት ያደረገሽ አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ ነው። አንቺስ ይህን ታውቂ ነበር? ባለፈው ስለ ፈረሱ ስጠይቅሽ ኔትወርኩ የጠፋው እውነት ነው? አልጠረጠርኩሽም፤ ጠየቅሁሽ እንጂ።

ነገ ቀጠሮ ነው። አክስታችንን "አባባ ልኮኝ ነው" ብዬ ዳማውን ወስጄዋለሁ፤ አሁን ጓሮ ታስሮ የጎረቤት ጎመን እየበላ ነው። ጠዋት ያለ ኮርቻ እየሳብኩ ፍርድ ቤቱ በር ላይ አቆመዋለሁ። ዳኛው "ባለቤቱ ማነው?" ካሉ፣ "እኔ ነኝ" እላለሁ። ለሴቶች ስንቴ ብያቸው አንዷም አላመነችኝም፤ እሳቸው ካመኑኝ ይበቃኛል። ሆሴዕ እስኪድን ሌላ ሹፌር ሲነዳለት ሚኒባሱ ላይ ረዳት ሆኜ እሠራለታለሁ። ዳማው ለካሳ ቢሸጥ ግን እንዳታዝኚብኝ። አባባንም አትቆጪው፤ የፈራው ለአንቺ ይሁን ለራሱ ገና አልለየሁም።

ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ከሚራገጥም ከሚዋሽም ይጠብቅሽ።

ባለፈረሱ ወንድምሽ፣
ሚክያስ