ሦስተኛ ገቢሩ ያልታየው ቲያትር

ላሊበላ፣ ጥር 1970

ኸዲጃዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አይቼዋለሁ፤ የምነግርሽ ግን እዚህ ትምህርት ቤት ስላየሁት ቲያትር ነው። ህንዳዊው መምህር ሚስተር ኩሪያን አንድ ያረጀ የእንግሊዝ ኮሜዲ በአማርኛ አዘጋጅተዋል። በሳቸው አገር መጀመሪያ የእንግሊዝ መኮንኖች በክበባቸው ለራሳቸው ይጫወቱት ነበር፤ ኋላ ህንዶቹ ወስደው ዘፈን ጨመሩበት አሉኝ። ላስታ ሲደርስ ምን ይጨመርበት ይሆን ብዬ ጓጓሁ።

ሁለተኛው ገቢር ላይ ሀብታሙ አባት ልጁን፣ "የደሃ ልጅ ካገባህ ከቤቴ ውጣልኝ" አለው። እኛ ደሴ ብንሆን እናፏጭ ነበር። እዚህ ግን አባ ወልደ ጊዮርጊስ ከፊት ወንበር ተነሡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መድረኩ ላይ ወጡ።

"በሉ፣ ስለ ቅዱስ ላሊበላ ብላችሁ ታረቁ።"

ተዋንያኑ እምቢ ይበሉ እንዴት ብለው? ልጁ ጉልበት ሳመ፤ አባትየውም የካርቶን ባርኔጣውን አውልቆ አቀፈው። ሚስተር ኩሪያን ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብለው፣ "አባ፣ የሚታረቁት እኮ ሦስተኛው ገቢር ላይ ነው" አሉ።

"ታዲያ እስከዚያ ተጣልተው ይቆዩ?" ብለው አባ መረቁን። ሰዉም አሜን ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ካርዱ ሞላብኝ። እማማ ጀውሀራን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። አንቺና ወንድምሽ አብዱልሀሚድም ለመታረቅ እኔ እስክመጣ አትጠብቁ።

ጥሩነሽ